የባንክሳይድ ሞተሮችና የጎረቤት ግድግዳ፤ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫዎች ድምፅ አቀናነስ ታሪክ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ባንክሳይድ በተባለው የለንደን ሠፈር፣ ‹‹ዋተርማንስ አርምስ›› የሚባል አንድ መጠጥ ቤት ይገኝ ነበር። የቤቱ ባለንብረት የሚውክስ ቢራ ጠማቂ ኩባንያ ሲሆን፣ በኪራይ ይዞ የሚሠራበት ሼልፈር የተባለ ሰው ነበረ። በ1891 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የለንደን ሲቲ የኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ በዚያው በወንዙ ዳር የኃይል ማመንጫ ጣቢያ አቋቋመ። ከመጠጥ ቤቱ አጠገብም ጉድጓድ ቆፍሮ የሞተር መሠረት ጣለ፤ በመሠረቱም ላይ ብርቱ የእንፋሎት ሞተሮችን ተከለ። ከቁፋሮውና ከሞተሮቹ ንዝረት የተነሣ የመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ተጎዳ፤ በውስጡ የሚኖሩትም ሰዎች ዕረፍት አጡ።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ተራ የጉርብትና ጠብ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጠቡ ፍጻሜ ከመጠጥ ቤቱ ግድግዳ አልፎ ለኃይል ማመንጫ መሣሪያ ሠሪዎች ሁሉ የሚተርፍ ሆነ። በጊዜው የተነሣው ጥያቄ ‹‹ለከተማ ሁሉ ብርሃን የሚሰጥ ድርጅት የአንዱን ጎረቤት እንቅልፍ በገንዘብ ሊገዛው ይችላልን?›› የሚል ነበር። ‹‹ይችላል›› የሚል መልስ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ድምፅ ከድንጋይ ከሰልና ከቅባት ዋጋ ጎን በጣቢያው መዝገብ ላይ የሚጻፍ አንድ ወጪ ሆኖ በቀረ ነበር። መልሱ ‹‹አይችልም›› ስለ ሆነ ግን ችግሩ ከሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ መጣ።

ለመሆኑ እነዚያ ሞተሮች ጎረቤትን የሚያናውጡት ስለ ምን ነበር? በዚያ ዘመን ዲናሞ የሚያዞረው ፒስተን ያለው የእንፋሎት ሞተር ነበር። ፒስተኑና ከእርሱ ጋር የተያያዙት ብረቶች በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይቆማሉ፤ ሁለት ጊዜም አቅጣጫቸውን ለውጠው ይነሣሉ። ይህን ክብደት ለማስቆምና ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኃይል በሞተሩ ገላ በኩል ወደ መሠረቱ፣ ከመሠረቱም ወደ መሬት ይተላለፋል። የኃይሉ መጠን ከሚመላለሰው ክብደትና ከምቱ ርዝመት ጋር እኩል ሲያድግ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን የሚያድገው በካሬው ነው። ክብደቱና ምቱ ሳይለወጥ በደቂቃ 100 ዙር የሚሠራ ሞተር ወደ 350 ዙር ቢወጣ፣ መሠረቱን የሚመታው ኃይል ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ኤሌክትሪክ ይዞት የመጣው ጣጣ እንግዲህ ይህ ነበር። ከዚያ በፊት የጨርቃ ጨርቅና የወፍጮ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸው ሞተሮች ግዙፎችና ዝግተኞች ነበሩ። ዲናሞ ግን ፍጥነት ይሻል። ፒተር ዊላንስ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሠራው ዝግ ሞተር፣ ያለ ቀበቶ በቀጥታ ከዲናሞ ጋር ተጋጥሞ በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ዙር ይዞር ስለ ነበር፣ በእንግሊዝ አገር የመብራት ጣቢያዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። በደቂቃ 350 ዙር ማለት በሰከንድ ስድስት ያህል ምት ነው። ማያያዣው ዘንግ አዘንብሎ ስለሚሠራም የዚህ እጥፍ የሆነ ሁለተኛ ንዝረት፣ በሰከንድ አሥራ ሁለት ገደማ፣ ይጨመርበታል። የመኖሪያ ቤት ወለልም በተፈጥሮው የሚወዛወዘው በዚሁ አካባቢ ባለ ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ ጆሮ በቅጡ የማይሰማው ንዝረት ቤቱን ሲያገኘው ያድጋል፤ መስኮትና ዕቃም በማንኳኳት በጆሮ የሚሰማ ድምፅ ያደርገዋል። በወንዝ ዳር ያለ ውኃ የጠገበ አፈር ደግሞ ንዝረቱን ከአንዱ መሠረት ወደ ሌላው መሠረት ያሻግራል።

በሞተሩ ላይ ሚዛን መጠበቂያ ክብደት መግጠም፣ ከሥሩ ወፍራም ኮንክሪት ማፍሰስ፣ በመሠረቱ ዙሪያ ቦይ መቆፈር፣ በመካከል ጎማ ወይም ቡሽ ማንጠፍ የሚታሰቡ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁሉም በየፊናቸው ይረዳሉ። ነገር ግን ሚዛን መጠበቂያው የሚሽከረከረውን ክፍል እንጂ የሚመላለሰውን ሙሉ በሙሉ አያስተካክልም፤ ኮንክሪቱም የንዝረቱን ስፋት ይቀንሳል እንጂ ኃይሉን አያጠፋም። ጎማና ቡሽ ደግሞ ለፈጣን ንዝረት እንጂ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ለሚመጣ ዝግተኛ ምት ጥቅማቸው ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ያላግባብ የተመረጠ ማንጠፊያ ንዝረቱን ሊያብሰው ይችላል።

ሼልፈርና የቢራ ኩባንያው በየበኩላቸው ክስ መሠረቱ። (ከሳሹ ቢራ ጠማቂ ራሱ በጉርብትና ረገድ ንጹሕ ታሪክ አልነበረውም። በ1814 በቶተንሃም ኮርት መንገድ አጠገብ የነበረው ጠመቃ ቤቱ ትልቅ የቢራ ጋን ፈንድቶ ጎርፉ ስምንት ሰዎች ገድሏል።) ጉዳዩን በመጀመሪያ ያዩት ዳኛ ኬክዊች በተከራዩ ላይ ጉዳት መድረሱን ተቀብለው፣ ሞተሮቹ እንዲታገዱ ከማዘዝ ይልቅ የገንዘብ ካሣ ይበቃል ሲሉ ፈረዱ። በ1858 የወጣ ሕግ ለዳኞች በእግድ ፋንታ ካሣ የመፍረድ ሥልጣን ሰጥቶአቸው ነበርና፣ ውሳኔው ያለ መሠረት አልነበረም።

ይግባኙን የሰሙት ሎርድ ሃልስበሪ፣ ዳኛ ሊንድሊና ዳኛ ስሚዝ ግን ይህን ሽረው የእግድ ትእዛዝ ሰጡ። ውሳኔው በ1895 የፍርድ መዝገብ ላይ ታትሞ ወጣ። ኩባንያው ሥራው በሕግ የተፈቀደና ለሕዝብ የሚጠቅም መሆኑን ይከራከር ነበር። ዳኞቹ የሰጡት መልስ ግን የመብራት ፈቃዱ ጎረቤትን ለማወክ ፈቃድ አይደለም የሚል ነው። ዳኛ ሊንድሊ በተለይ ያሰመሩበት ነገር፣ በዳዩ ለበደሉ የሚከፍለው ገንዘብ ስላለው ብቻ በደሉ ይቀጥል ማለት እንደማይገባ፣ በዳዩ በአንድ በኩል የሕዝብ ጠቃሚ መሆኑም ይህን እንደማይለውጠው ነበር። ዳኛ ስሚዝ ደግሞ ካሣ እግድን ሊተካ የሚችለው መቼ እንደ ሆነ ሲዘረዝሩ አራት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው አሉ፤ ጉዳቱ ትንሽ መሆን፣ በገንዘብ መገመት መቻል፣ በጥቂት ገንዘብ በበቂ ሊካስ የሚችል መሆን፣ እግዱም በተከሳሹ ላይ ግፍ የሚሆን መሆን።

ይህ ፍርድ ‹‹የሼልፈር መመሪያ›› እየተባለ ከመቶ ዓመት በላይ በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ሲጠቀስ ኖረ። በ2014 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አራቱ ነጥቦች እንደ ጎማ ማኅተም እንዳይመቱ፣ የሕዝብ ጥቅምም በሚዛኑ ላይ እንዲቀመጥ ሲል አለዘበው። ያ የ2014 ክርክርም የተነሣው ስለ ድምፅ ነው፤ በሰፎክ ክፍለ አገር በሚገኝ የሞተር ስፖርት ሜዳ አጠገብ የነበሩ ሰዎች ቤት ነበር ምክንያቱ።

የፍርዱ ትርጉም ለጣቢያ ባለቤቶች ግልጽ ነበር። ከባንክሳይድ ወንዙን ተሻግሮ በሜሪልቦን ሠፈር በማንቸስተር አደባባይ አጠገብ፣ የሜትሮፖሊታን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጣቢያ ነበረው። ሠፈሩ የባለጸጎች መኖሪያ ነው፤ የጎረቤቶቹም የንዝረት አቤቱታ ጣቢያውን አስጨንቆት ነበር። በ1894 ኩባንያው ወደ ቻርልስ ፓርሰንስ ዘንድ ሄዶ 350 ኪሎዋት የሚያመነጭ የእንፋሎት ተርባይን አዘዘ፤ አስገባም። ለንደን የዚህን አዲስ መሣሪያ ጠባይ በቅርብ ካየችባቸው የመጀመሪያ ሥፍራዎች አንዱ ይህ ጣቢያ ነው።

ፓርሰንስ ተርባይኑን የፈለሰፈው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1884 ነው። የመጀመሪያይቱ መሣሪያ ኃይልዋ 7.5 ኪሎዋት ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነትዋ ግን በደቂቃ 18,000 ዙር ነበር። በ1890 በኒውካስል ከተማ የፎርዝ ባንክስ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 75 ኪሎዋት በሚሰጡ ተርባይኖች ለሕዝብ መብራት መስጠት ጀመረ። በተርባይን ውስጥ የሚቆምና የሚነሣ ብረት የለም፤ እንፋሎቱ ያለ ማቋረጥ ይገፋል፣ ሻፍቱም ያለ ማቋረጥ ይዞራል። በፒስተን ሞተር ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ምት እዚህ ከሥሩ ጠፍቶአል።

ጠፍቶአል ሲባል ግን ያለ ዋጋ አይደለም። የፍጥነቱ ካሬ እዚህም ይከተላል። በደቂቃ 3,000 ዙር በሚዞር ሻፍት ላይ፣ ከመሐሉ ግማሽ ሜትር ርቆ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለ ሚዛን ቢቀር፣ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ዙሪያ መለስ ኃይል ወደ አምስት ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ሚዛን ማስተካከል ከአንጥረኛ ግምት ወጥቶ የትክክለኛ ልኬት ሥራ ሆነ። ፓርሰንስም በመጀመሪያይቱ መሣሪያ ሻፍቱን በግትር ኩሽኔታ ከማሰር ይልቅ፣ በሞላ በተጨመቁ ቀለበቶች መካከል አስቀምጦ ራሱ የሚዞርበትን መሐል እንዲያገኝ ጥቂት ነፃነት ሰጠው። ንዝረትን በጉልበት ከመያዝ ይልቅ መንገድ ማሳየት ማለት ነው።

ተርባይን የፒስተን ሞተርን ያሸነፈው በጸጥታው ነው ማለት ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ያሸነፈው በቦታና በከሰል ቁጠባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ትልቅነት ማደግ በመቻሉ ነው፤ በ1900 ለጀርመኗ የኤልበርፌልድ ከተማ የተሠሩት እያንዳንዳቸው 1,000 ኪሎዋት ነበሩ። ይሁን እንጂ ገና ያልታመነ መሣሪያ በትልቅ ከተማ መካከል እንዲሞከር በር የከፈተለት የጎረቤት አቤቱታ መሆኑ አይካድም። በኢኮኖሚ ሚዛን ብቻ ቢታይ ኖሮ ኩባንያው ያሉትን ሞተሮች እስኪያረጁ ድረስ ባሠራቸው ነበር።

ምቱ ከመሬት ሲጠፋ ሌላ ድምፅ በአየር መጣ። የተርባይኑ ፉጨት፣ የቦይለር ማራገቢያዎች ኡኡታ፣ የመመገቢያ ፓምፖች ጩኸት፣ የደኅንነት ቫልቭ ሲከፈት የሚሰማው ነጎድጓድ፣ በማቀዝቀዣ ማማ ውስጥ የሚወርደው ውኃ ዝናብ፣ እያንዳንዱ የራሱ ድግግሞሽና የራሱ መድኃኒት አለው። ትራንስፎርመር እንኳን የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖረው ይጎረምሳል። በውስጡ ያለው የብረት ላሜራ መግነጢስ በገባበት ቁጥር በጥቂቱ ይለጠጣል፤ መለጠጡ ለአዎንታውም ለአሉታውም አንድ በመሆኑ በ50 ሄርዝ መረብ ላይ ድምፁ 100 ሄርዝ ይሆናል።

ባንክሳይድ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። የቀድሞው ጣቢያ በአርኪቴክት ጃይልስ ጊልበርት ስኮት ንድፍ በተሠራና በነዳጅ ዘይት በሚነድ ሌላ ጣቢያ ተተካ፤ ግንባታው በ1947 ተጀምሮ በሁለት ምዕራፍ በ1963 አለቀ። ይህም በ1981 ተዘጋ፤ ሕንፃው በ2000 ቴት ሞደርን የተባለው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ። ቦይለሮቹና ተርባይኖቹ ተነሥተው ባዶ የቀረው አዳራሽ ግን ወዲያው ጸጥ አላለም። በሕንፃው ደቡብ ወገን ያለው የማከፋፈያ ጣቢያ ሥራውን ስላላቋረጠ፣ ጎብኚዎች በተርባይን አዳራሹ ውስጥ ሲመላለሱ የትራንስፎርመሮቹን ዝቅተኛ ጉርምርምታ ይሰሙ ነበር።

በ1890ዎቹ ዳኞቹ የፈረዱት በምስክሮች ጆሮና በግድግዳው ስንጥቅ ነው፤ ድምፅን በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። ዴሲቤል የተባለው መለኪያ ከአሜሪካው የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ የወጣው በ1920ዎቹ ነው። በ1929 የኒውዮርክ ከተማ ድምፅን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁማ በመንገዶችዋ ላይ መለካት ጀመረች። በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደንቆሮ፣ ለመካከለኛው ግን ንቁ መሆኑን በሥዕል አሳዩ፤ ከዚህም ‹‹ኤ›› የተባለው ሚዛን ተወለደ።

በዚህ ሚዛን ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በኃይል ማመንጫ ሥራ ብዙ አለመግባባት የሚመነጨው ከእርሱ ነው። የ‹‹ኤ›› ሚዛን በ100 ሄርዝ ላይ 19 ዴሲቤል፣ በ31.5 ሄርዝ ላይ 39 ዴሲቤል ያህል ከልኩ ላይ ይቀንሳል። ለጆሮ ጉዳት ሲታሰብ ይህ ተገቢ ነው። ወፍራም ድምፅ ግን ግድግዳ በቀላሉ አያስቆመውም፤ ርቀትም ቢሆን አየር ቀጭኑን ድምፅ ሲውጥ ወፍራሙን ይተወዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ደንቡን ያሟላ ጣቢያ በሌሊት የጎረቤትን መስኮት ሲያንቀጠቅጥ ይገኛል፤ መሐንዲሱ ቁጥሩን፣ ባለቤቱም መስኮቱን እያሳዩ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። በ1967 የእንግሊዝ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ያወጣው ቁጥር 4142 ደንብ ይህን ነገር በከፊል አስተዋለው። ደንቡ ያን ጊዜ የፋብሪካን ድምፅ ከአንድ ቋሚ ቁጥር ጋር ሳይሆን ፋብሪካው ባይኖር በሥፍራው ከሚሰማው ድምፅ ጋር ያወዳድር ነበር፤ ድምፁ ፉጨት ወይም ጉርምርምታ ካለበት አምስት ዴሲቤል ይጨምርበት ነበር፤ ልዩነቱ አሥር ገደማ ከሆነ አቤቱታ እንደሚመጣ ይተነብይ ነበር።

በቀጭኑ ወገን ትልቁን እርምጃ ያመጣው የአውሮፕላን ጥናት ነው። በ1952 ጄምስ ላይትሂል የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ከቀዳዳ በኃይል የሚወጣ ጋዝ የሚያሰማው ድምፅ ጉልበት ከፍጥነቱ ስምንተኛ ኃይል ጋር እንደሚያድግ አሳየ። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ የድምፁ ጉልበት 256 ጊዜ ያንሳል፤ ይህም 24 ዴሲቤል ነው። ከቦይለር ወደ ሰማይ በሚለቀቅ እንፋሎት ላይ የሚገጠመው የድምፅ ማፈኛ በዚሁ ሐሳብ ይሠራል። በመጀመሪያ አንዱን ወፍራም ጅረት በብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበታትነዋል፤ ግፊቱን ደረጃ በደረጃ ያወርዳል፤ በስተመጨረሻ በማዕድን ሱፍ በተለበሱ መተላለፊያዎች መካከል ያሳልፈዋል። ቀጭን ቀዳዳ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥም ሱፉ ሊውጠው ይቀለዋል።

የጋዝ ተርባይን ግን ሁለቱንም ጣጣ ባንድ ገላ ያጣመረ ሆኖ መጣ። የመጀመሪያው የሕዝብ ኤሌክትሪክ ጋዝ ተርባይን በ1939 በስዊስ አገር በኑሻቴል ከተማ ሲተከል ኃይሉ 4,000 ኪሎዋት ነበር። በኅዳር ወር 1965 የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ በጨለማ ከተዋጠ በኋላ፣ የኃይል ኩባንያዎች ለክፉ ቀን የሚነሡ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በብዛት ገዝተው በከተሞች አጠገብ ተከሉ። አየር በሚስብበት አፍ በኩል የምላጮቹ ፉጨት፣ በጭስ መውጫው በኩል ከጆሮ ወሰን በታች የሚወርድ ጉምጉምታ ይወጣል። ለፉጨቱ በአየር መግቢያው ውስጥ የተደረደሩ ሱፍ የለበሱ ሰሌዳዎች ይበቃሉ። ለጉምጉምታው ግን የሰሌዳው ውፍረትና የመተላለፊያው ርዝመት በሜትር የሚቆጠር ይሆናል፤ ዋጋውም እንደዚያው።

የናፍጣ ሞተር ደግሞ ታሪኩን ወደ መነሻው መለሰው፤ ፒስተኑ ተመለሰ፣ ምቱም ተመለሰ። ለምሳሌ አሥራ ስምንት ሲሊንደር ያለውና በደቂቃ 500 ዙር የሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር በሰከንድ 75 ጊዜ ይተኩሳል። የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመት አራት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ስለዚህ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሱፍ ምንም አያደርገውም። የሚይዘው ክፍሎቹ በሞገዱ ርዝመት የተሰሉ ትልቅ ማርሚታ ነው። መሠረቱን በተመለከተ ግን የዘመኑ መሐንዲስ ከባንክሳይድ የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ሞተሩና ጄኔሬተሩ ባንድ ከባድ ሠረገላ ላይ ታስረው በብረት ሞላ ላይ ይቀመጣሉ፤ የጭስና የውኃ ቧንቧዎችም በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ይያያዛሉ። አንድ ቧንቧ ብቻ በግትር ከታሰረ የሞላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ንዝረቱ በዚያች መንገድ ያልፋል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከውኃ ስለሚመነጭ ነገሩ የሩቅ አገር ጣጣ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ለውኃ እጥረት ጊዜ መጠባበቂያ ይሆኑ ዘንድ በቃሊቲ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ የናፍጣ ጣቢያዎች ተተክለዋል። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ በአዲስ አበባ በረጲ ከደረቅ ቆሻሻ እንፋሎት የሚያፈላ ጣቢያ ተመርቋል። መብራት በጠፋ ቁጥር በየሱቁና በየሆቴሉ ደጃፍ የሚነሣው ጄኔሬተርም፣ በመጠኑ ቢያንስ፣ በባሕርዩ ያው ነው።

ሕጉም እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው በይዞታው ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስም ይጠራል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ይከለክላል። ልኩ የሚታወቀውም በሥፍራው ልማድ፣ በመሬቱ አቀማመጥና በባሕርዩ ነው። ይኸው ሕግ በቁጥር 2121 ዳኛ ጎጂ ሥራ እንዲቋረጥ ሊያዝ እንደሚችል፣ ይህንም የሚያደርገው ጉዳቱ በገንዘብ ካሣ ሊጠገን የማይችል ሲሆን መሆኑን ይደነግጋል። የባንክሳይድን ክርክር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሚዛኑ በሌላ ወገን እንደ ተያዘ ያስተውላል፤ ሎርድ ሃልስበሪና ባልደረቦቻቸው እግድን ደንብ፣ ካሣን ልዩ ሁኔታ ሲያደርጉት፣ የኢትዮጵያ ሕግ ከሳሹን ካሣ እንደማይበቃው እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ዋጋ አለው። የጠፋ እንቅልፍ ግን በምን ይገመታል? ከዚያ ወዲህ የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሕዝቡን አሰፋፈር ግምት ውስጥ ያስገባ የድምፅ ወሰን እንዲወጣ አዝዞአል። የዓለም ባንክ ቡድን በ2007 ያወጣው መመሪያም ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል በ‹‹ኤ›› ሚዛን ያስቀምጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ሲወሰዱ ግን የአገሩን ሌሊት ማሰብ ያስፈልጋል። በደጋው አገር በበጋ ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከላይ ሞቃት ከታች ቀዝቃዛ አየር ይነባበርና ወደ ሰማይ የሚሄደውን ድምፅ ወደ መሬት ያጎብጠዋል፤ ቀን ያልተሰማ ጣቢያ ሌሊት ከሩቅ ይሰማል። በቆላው ከተማ ደግሞ በሙቀት ወራት መስኮት ከፍቶ ማደር የተለመደ ነው። ግድግዳና የተዘጋ መስኮት ይህን ያህል ዴሲቤል ይቀንሳሉ ተብሎ በብርድ አገር የተሰላ ሒሳብ እዚያ አይሠራም። ሞተሩ ከመተከሉ በፊት በቅርቡ ቤት አጥር ላይ፣ በጸጥተኛው የሌሊት ሰዓት፣ በ‹‹ኤ›› ሚዛን ብቻ ሳይሆን በየድግግሞሹ ተከፋፍሎ የተወሰደ ልኬት ለነዳፊውም ለዳኛውም አንድ መነሻ ይሆናቸዋል። ጣቢያው ቀንና ሌሊት መሥራት ከጀመረ በኋላ ያንን ቁጥር ማግኘት የሚቻለው ጣቢያውን በማቆም ብቻ ነው።